ጢስ ዓይንን ብቻ ሳይሆን ልብንም እንደሚጐዳ

ሰው ምግቡን መርጦ ይበላል፤ ውሃውንም አጥልሎ ይጠጣል፤ አየሩን ግን ሳይመርጥና ሳያጠልል ሌሊትና ቀን ይስበዋል። አንድ ሙሉ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ 20,000 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ልቡም በዚያው ቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ሳንባና ልብ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ አንደኛው ሲታመም ሁለተኛው ሳይጐዳ አይቀርም። ስለዚህ ወደ ሳንባ የሚገባውን አየር በንጽሕና የሚጠብቅ ሰው ልቡንም ጠበቀ ማለት ነው።

ስለ ጢስ በየቤቱ ያለው ሐሳብ ግን ይህን አይመስልም። ጢስ ዓይን ያስለቅሳል፥ ያስላል፥ ግድግዳና መጋረጃ ያጠቍራል ይባላል እንጂ ልብን ያደክማል ሲባል ብዙ ጊዜ አይሰማም። እንዲያውም ጢስ በብዙ ነገር የቤት አገልጋይ ሆኖ ኖሯል፤ የሣሩን ክዳን ከተባይ ይጠብቃል፤ የወተቱ ዕቃና የጠላው ጋን በወይራ ይታጠናል፤ ቡና ሲፈላም ዕጣን ይጤሳል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ጥቅሙን ዐውቀው ሠርተውበታል። ጕዳቱን ግን ለማየት አስቸጋሪ ነበር፤ ምክንያቱም ይህ ጕዳት የሚገለጸው በ20 እና በ30 ዓመት ውስጥ ስለ ሆነ ነው። ጢስ ዛሬ ገብቶ ነገ የሚገድል መርዝ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በሸሸው ነበር፤ እርሱ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

ባለፉት 50 ዓመታት ውስጥ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሐኪሞችና የሳይንስ ሊቃውንት ይህን ነገር መርምረው የደረሱበትን ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው፤ ለብዙ ዓመት ጢስ ያለበትን አየር መሳብ የልብንና የደም ሥርን በሽታ ያባብሳል፤ ጢሱ ሲቀነስ ደግሞ አደጋው አብሮ ይቀነሳል። እንግዲህ ነገሩ በዕድል የሚመካኝ አይደለም፤ የቤት ጌታና እመቤት፥ የመንግሥትም ሹም በየሥልጣናቸው ሊያርሙት የሚችሉት ነው። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስታውሱልን።

የለንደን ጢስ

በእንግሊዝ አገር ዋና ከተማ በለንደን ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ቤቱን የሚያሞቀው በድንጋይ ከሰል ነበር። በ1661 ጆን ኤቭሊን የተባለ ጸሐፊ ስለዚህ ጢስ ጕዳት «ፉሚፉጊየም» የሚባል መጽሐፍ ጽፎ ለንጉሡ ለቻርልስ 2ኛ አቀረበ። በመጽሐፉም ጢስ የሚያበዙት የእጅ ሥራዎች ከከተማው እንዲርቁ፥ በከተማውም ዙሪያ መልካም ሽታ ያላቸው ተክሎች እንዲተከሉ አሳሰበ። ነገር ግን ምክሩ በሥራ ሳይውል ወደ 300 ዓመት ያህል አለፈ።

በ1952 ከዲሴምበር 5 ቀን እስከ 9 ቀን ድረስ በለንደን ላይ ነፋስ ጠፋ። ቀዝቃዛው አየር በመሬት ላይ ተኛ፤ ከላዩ ያለው ሞቃት አየርም እንደ ክዳን ገጠመበት። በዚህ ጊዜ ከየቤቱና ከየፋብሪካው የሚወጣው የከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ መውጫ አጣ። በቀን መንገድ የማይታይ ሆነ፤ አውቶቡሶችም ቆሙ፤ በአንድ ትያትር ቤት ጢሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጨዋታው ተቋረጠ፤ ለከብት ትርኢት ወደ ከተማው ከመጡት የሠቡ ከብቶች እንኳ የሞቱ ነበሩ። በመጀመሪያ የሞተው ሰው ቍጥር 4,000 ያህል ነው ተባለ፤ ኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን በተከታዮቹ ወራት የሞቱትንም ጨምረው እስከ 12,000 ሊደርስ ይችላል አሉ። ከሞቱትም ብዙዎቹ አስቀድሞ የሳንባና የልብ ሕመም የነበረባቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ።

የለንደን መከራ በአምስት ቀን ውስጥ የታየ ስለ ሆነ ማንም ሊክደው አልቻለም። ዳሩ ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ነበር። ጉም ሳይወርድ፥ መንገድ ሳይጠፋ፥ ከብት ሳይሞት፥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጢስ እየሳበ 10 ወይም 20 ዓመት የሚኖረው ሰውስ ምን ይሆናል? ይህን ለማወቅ ብዙ ሰው መዝግቦ ብዙ ዓመት በትዕግሥት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር።

የስድስቱ ከተሞች ምርመራ

ይህን ሥራ በአሜሪካ አገር የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሊቃውንት በ1970ዎቹ ዓመታት ጀመሩት። የአየራቸው ንጽሕና የተለያየ ስድስት ከተሞች መርጠው በየከተማው አየሩን በመሣሪያ ይለኩ ነበር። 8,111 ዐዋቂዎችንም መዝግበው ከ14 እስከ 16 ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። የያንዳንዱን ሰው ዕድሜ፥ ክብደት፥ ትምህርትና ሥራ፥ ከሁሉም ይልቅ ሲጋራ ማጨስ አለማጨሱን ጠይቀው ጻፉ።

ከስድስቱ ከተሞች እጅግ የጤሰችው በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለችው የብረት ፋብሪካ ከተማ ስቱበንቪል ነበረች፤ ንጹሕ አየር የነበራት ደግሞ በዊስኮንሲን ግዛት ያለችው ትንሿ ፖርቴጅ ነበረች። የጢሱ ልክ የተቈጠረው በማይክሮግራም ነው፤ አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የተገኘው ደቃቅ ብናኝ በስቱበንቪል 29.6፥ በፖርቴጅ ግን 11 ማይክሮግራም ሆነ።

ዶክተር ዳግላስ ዶከሪና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በ1993 አሳተሙ። የማጨስንና የሌላውንም ምክንያት ድርሻ ለይተው ካስተካከሉ በኋላ በስቱበንቪል የሚኖሩት ሰዎች የሞት መጠን በፖርቴጅ ከሚኖሩት ይልቅ ከመቶ 26 እጅ በልጦ ተገኘ። ልዩነቱም የጐላው በልብና በሳንባ በሽታ በሞቱት ላይ ነበር። ልብ ማለት የሚገባው ነገር ስቱበንቪል የለንደንን የመሰለ ጥቍር ጉም የወረደባት ከተማ አለመሆኗ ነው። ሰዎቿ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፥ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፥ አየራቸውም እንደ ተለመደው አየር ይመስላቸው ነበር።

ይህ ነገር እንደ ተሰማ ፋብሪካ ያላቸው ሰዎች ብዙ ክርክር አነሡ። ስለዚህ ከፊተኞቹ ጋር ያልነበሩ ሌሎች ሊቃውንት መዝገቡን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና መረመሩት፤ በ2000ም የመጀመሪያው ውጤት ትክክል መሆኑን መሰከሩ። የአሜሪካ መንግሥትም በ1997 ለደቃቁ ብናኝ ልክ የሚወስን ደንብ አውጥቶ ነበር። ከዚያም ያው ምርመራ ለሌላ ስምንት ዓመት ተራዝሞ በ2006 አዲስ ውጤት ታተመ፤ ይኸውም አየራቸው በጠራላቸው ከተሞች ሞት አብሮ መቀነሱ ነው። እኛ ከምርመራው ሁሉ የሚያጽናናውን ነገር ያገኘነው በዚህ ነው።

የሴቶችም ነገር ለብቻው ተመርምሯል። በዚያው በአሜሪካ በ36 ከተሞች የሚኖሩ፥ የወር አበባቸው የቆመና አስቀድሞ የልብ በሽታ ያልነበረባቸው 65,893 ሴቶች ተመዝግበው ውጤታቸው በ2007 ታተመ። በሚስቡት አየር ውስጥ ደቃቁ ብናኝ በ10 ማይክሮግራም በጨመረ ቍጥር የልብ ወይም የአንጐል የደም ሥር አደጋ የሚደርስባቸው ሴቶች ከመቶ 24፥ በዚሁ በሽታ የሚሞቱት ደግሞ ከመቶ 76 ያህል ጨምረው ተገኙ።

በ2016 የታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ 6,795 ሰዎችን ለ10 ዓመት ተከታትሎ የልባቸውን የደም ሥር በራጅ መሣሪያ ፎቶግራፍ አነሣ። በጢሳም አየር በሚኖሩት ሰዎች የደም ሥር ግድግዳ ላይ ካልሲየም የሚባለው ኖራ መሰል ነገር ፈጥኖ ሲጠራቀም ታየ። እንግዲህ ቀድሞ በሞት መዝገብ ብቻ ይታወቅ የነበረው ነገር በሕይወት ባለ ሰው ልብ ላይ በዓይን ታየ ማለት ነው።

ጢስ ከሳንባ ወደ ልብ የሚሄድበት መንገድ

ወደ አፍንጫ የገባ ጢስ እስከ ልብ የሚደርሰው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ጢስ የብዙ ነገር ቅልቅል ነው፤ ከፊሉ ጋዝ ሲሆን ከፊሉ ብናኝ ነው። ትልልቁ ብናኝ በአፍንጫና በጕሮሮ ተይዞ በንፍጥና በአክታ ይወጣል። ደቃቁ ብናኝ ግን ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ነው፤ ማይክሮን የሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ስለ ሆነ የሰው ጠጕር ከዚህ ብናኝ 30 ጊዜ ያህል ይወፍራል። ይህ ደቃቅ ነገር ማንም ሳያግደው እስከ ሳንባ መጨረሻ ድረስ፥ አየርና ደም እስከሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ይወርዳል።

ከዚያም በሦስት መንገድ ልብን ይጐዳል። አንደኛ፥ ሳንባን እንደ ቍስል ያስቈጣዋል፤ ከተቈጣው ሳንባ የሚወጣው ነገር ወደ ደም ይገባና የደም ሥሮችን የውስጥ ልባስ ያውካል፥ ደሙም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። ሁለተኛ፥ የልብን አመታትና የደምን ግፊት የሚያዝዙትን ነርቮች ያናውጣል። ሦስተኛ፥ ከሁሉ የደቀቀው ብናኝ ራሱ ወደ ደም አልፎ ይገባል።

ይህ ሁሉ በየቀኑ ሲደጋገም በደም ሥር ግድግዳ ላይ ስብ እየተጋገረ፥ አተላ እንደ ያዘ ቧንቧ መተላለፊያውን ያጠበዋል። አንድ ቀን የተጋገረው ነገር ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱ ይዘጋል። በልብ የደም ሥር ላይ ሲሆን የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ ይሞታል፤ በአንጐል ላይ ሲሆን ሰውዬው አንድ ጐኑ ይሰንፋል ወይም አንደበቱ ይያዛል። በዚያን ጊዜ ዘመድ ሁሉ «ትናንት ደኅና ነበር፤ በድንገት ሞተ» ይላል። አሟሟቱ እርግጥ ድንገተኛ ነው፤ በሽታው ግን ሲሠራ የኖረው ለብዙ ዓመት ነው።

ከብናኙም ሌላ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይነጥቃል። በተዘጋ ክፍል ሲበዛ ሰውን በአንድ ሌሊት እንደሚገድል የታወቀ ነው። ጥቂት ሲሆን እንኳ የልቡ የደም ሥር የጠበበበትን ሰው ጥቂት ሲራመድ ደረቱን እንዲያመው ያደርጋል።

ስለ መጠኑ ደግሞ ሊቃውንቱ የደረሱበት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በከተማ አየር ብቻ ከሚኖረው ሰው እጅግ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ጢስ ይስባል፤ የልቡ አደጋ ግን በዚያው ልክ ብዙ ጊዜ አይበልጥም። የሳንባ ካንሰር አደጋ ከጢሱ ብዛት ጋር እኩል እያደገ ሲሄድ፥ የልብ አደጋ ግን እንደ ዳገት ሆኖ ከግርጌው ቀጥ ብሎ ይወጣና ወደ ላይ ሲሄድ ይለዝባል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው «እኛ ዘንድ ያለው ጢስ ጥቂት ነው» ብሎ መጽናናት እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው እጅግ በጤሰ ቤት ውስጥ ጢሱን በግማሽ መቀነስ ለልብ የሚሰጠው ጥቅም ከግማሽ ያነሰ መሆኑ ነው፤ ፍጹም ጥቅም የሚገኘው ጢሱን እስከ ታችኛው ልክ ድረስ በማውረድ ነው።

ስለዚህም የዓለም የጤና ድርጅት የደቃቁን ብናኝ የዓመት ልክ በ2005 በአንድ ሜትር ኩብ አየር 10 ማይክሮግራም አድርጎ ወስኖት የነበረውን በ2021 ወደ 5 ዝቅ አደረገው። ይኸው ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ከነዚህም ከመቶ 32 የሞቱት የልብ የደም ሥር በመጥበቡ፥ ከመቶ 23 ደግሞ በአንጐል የደም ሥር አደጋ ነው። ጢስ የሳል ምክንያት ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህ ቍጥር በቂ መልስ ነው፤ ከሟቾቹ ከግማሽ የሚበልጡት የተሸነፉት በልብና በደም ሥር በኩል ነውና።

የራሳችን ማድ ቤት

ስቱበንቪል ሩቅ ናት፤ ማድ ቤታችን ግን ከእልፍኙ ጀርባ ነው። በአገራችን እጅግ የሚበዛው ቤት እስከ ዛሬ የሚያበስለው በእንጨት፥ በጭራሮ፥ በኩበትና በከሰል ነው። የእንጀራ መጋገር ነገር ደግሞ ልዩ ነው። ምጣዱ ሰፊ ስለ ሆነ እኩል እንዲግል ብዙ ነበልባል ይፈልጋል፤ ጋጋሪዪቱም በጕልቻው አጠገብ ተቀምጣ እሳቱን እየቈሰቈሰች፥ አክንባሎውን በከፈተችና በገጠመች ቍጥር ፊቷን ወደ ጢሱ ታዞራለች። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ጕልቻ ሲነድ ብናኙ በመቶ የሚቈጠር ማይክሮግራም መድረሱ የተለመደ ነው። ይህንም የብረት ፋብሪካ ከነበረባት ከስቱበንቪል 29.6 ጋር አንባቢ ራሱ ያመዛዝነው።

በዚህ ላይ አንድ የፍርድ ነገር አለ። እንጀራው በመሶብ ቀርቦ የቤቱ ጌታም፥ እንግዳውም፥ ልጆቹም ይበሉታል፤ ጢሱን ግን የምትበላው አንዲት ናት። እርስዋም የቤቱ እናት፥ ወይም ሴት ልጅ፥ ወይም በደመወዝ ያደረች ሠራተኛ ናት። በጀርባዋ ሕፃን ያዘለች እንደ ሆነ ሕፃኑም አብሮ ይስባል። ሠራተኛዪቱ በ15 ዓመቷ ወደ ማድ ቤት ገብታ በ45 ዓመቷ ብትወጣ 30 ዓመት ሙሉ በጢስ ውስጥ ኖረች ማለት ነው፤ በኋላ ደረቷን ሲያፍናት፥ ዳገት ሲያደክማት፥ እግሯ ሲያብጥ «እርጅና ነው» ይባላል። ስለ ድግሱ ማማር ሁልጊዜ የምንመሰገን ሰዎች የድግሱን ጢስ ማን እንደ ተሸከመው መጠየቅ ይገባናል።

ማድ ቤትን ማሻሻል በሰውነት ላይ ወዲያው የሚታይ ለውጥ እንደሚያመጣ በጓቲማላ ደጋ አገር የተደረገ ምርመራ ያስረዳል። በዚያ አገር በሜዳ እሳት ያበስሉ ለነበሩ ሴቶች ጢሱን በጢስ ማውጫ ወደ ውጭ የሚያወጣ ምድጃ ተሠራላቸው። በ2007 እንደ ታተመው፥ ባለ ምድጃዎቹ ሴቶች የታችኛው የደም ግፊት ቍጥር በሜዳ እሳት ከሚያበስሉት ይልቅ በ3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ለአንድ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአገር ሙሉ ሴቶች ላይ ሲቈጠር ከብዙ የልብና የአንጐል አደጋ የሚያድን ነው።

በእኛም አገር ለእንጀራ መጋገሪያ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ፥ ለከሰልም «ላቀች» የሚባለው ማንደጃ ተሠርተው በብዙ ቤት ገብተዋል። እነዚህ እንጨትና ከሰል ይቈጥባሉ፤ ጥቂት በነደደ ቍጥርም ጥቂት ይጤሳል። ሆኖም ከላይ ስለ ዳገቱ እንደ ነገርነው፥ ለልብ ፍጹም ዕረፍት የሚሰጠው ከነአካቴው የማይጤሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኀይል አብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ስለ ሆነ ጢሱ ከማድ ቤት ወጥቶ በሌላ ስፍራ አይጠብቀንም። በጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኀይል ከመብራትና ከፋብሪካ አልፎ በየማድ ቤቱ ምጣድ ላይ ሲደርስ፥ ለእናቶች ልብ መድኀኒት ሆነ ማለት ይቻላል።

በቤታችን ልናደርገው የሚገባን

1ኛ፥ ኤሌክትሪክ ያለው ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ለምጣዱ ያውለው። ለእልፍኝ ጌጥ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የማድ ቤቱን ምድጃ መለወጥ የተሻለ ብልኅነት ነው።

2ኛ፥ በእንጨት የሚነድድ ማድ ቤት ከመኝታ ቤት የተለየ፥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችና ከክዳን በላይ የሚያልፍ የጢስ ማውጫ ያለው ይሁን። እንጨቱም ፈጽሞ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት እሳቱ ትንሽ፥ ጢሱ ግን ብዙ ነውና።

3ኛ፥ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች፥ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸውም ሰዎች እሳት በሚነድበት ጊዜ ከማድ ቤት ይራቁ። መጋገርን ለአንዲት ሴት ብቻ ከመተው በተራ ማድረግ ይሻላል።

4ኛ፥ ቡና የሚፈላበት ክፍል በርና መስኮቱ ይከፈት። የቡና ሥርዓታችን የጎረቤት ፍቅር የሚጠነክርበት መልካም ልማድ ስለ ሆነ ይቅር አንልም፤ ከሰሉ ግን በደጅ ተቀጣጥሎ ይግባ፤ ዕጣኑም ለሽታ ያህል ይጨመር እንጂ ክፍሉን እስኪያጨልም አይጫን። ከሰል ያለበትን ማንደጃ ይዞ በተዘጋ ክፍል መተኛት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

5ኛ፥ ቈሻሻን፥ ይልቁንም ላስቲክና ፕላስቲክን በግቢ ውስጥ አናቃጥል። የእኛ ግቢ ሲጸዳ የጎረቤታችን ሳንባ እንዳይቈሽሽ እንጠንቀቅ።

6ኛ፥ አውቶሞቢል ያለው ሰው ሞተሩን በጊዜው ያስመርምር፤ ቆሞ ሲጠብቅም ሞተሩን ያጥፋ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ከባድ መኪና ከሚበዛበት አውራ ጐዳና ይልቅ የውስጡን መንገድ ይምረጥ።

ይህን ስንል ለልብ በሽታ ምክንያቱ ጢስ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ትምባሆ፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ ጨውና ቅባት ማብዛት፥ ሳይንቀሳቀሱ መዋል ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ጢስም በነዚህ ላይ ሲታከል ሸክሙን ያከብደዋል። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፥ ይልቁንም በማድ ቤት የኖረች ሴት፥ የደም ግፊቷን በየጊዜው ብታስለካ መልካም ነው። ደረት ላይ ጭንቅ ሲሰማ፥ ሕመሙም ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲወጣ፥ ትንፋሽ ሲያጥርና ላብ ሲያጠምቅ «ብርድ ነው» ብሎ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ከቤት ውጭ ላለው አየር ደግሞ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የሚያደርገው ጥቂት ነው። ለንደንን ያዳናት ሕግ ነው፤ የስቱበንቪልን ጕዳት የገለጠውም ቍጥር ነው። በአገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉ በዚህ መንገድ የተደረገ አንድ እርምጃ ነበር። የወፍጮ፥ የጡብ ምድጃና የፋብሪካ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ነፋሱ ወደ የት እንደሚነፍስና ከነፋሱ በታች ማን እንደሚኖር ሊጠይቅ ይገባዋል። የትምህርት ቤትና የሐኪም ቤት ስፍራ የሚመርጥም ሰው የአውቶቡስ መናኸሪያን ጢስ ያስብ። በየከተማው አየሩ በመሣሪያ ይለካ፤ ቍጥሩም ለሕዝብ ይነገር፤ ያልተለካ ጢስ ተከራካሪ የለውምና።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ስለ እሳት የተነገረ ቢሆንም ለጢስም ይሠራል። የልብ የደም ሥር ከተዘጋ በኋላ የሚፈለገው ሐኪም፥ መድኀኒትና ቀዶ ጥገና ብዙ ገንዘብ ነው፤ አስቀድሞ የሚፈለገው ግን አንድ መስኮት፥ አንድ የጢስ ማውጫ፥ ቢቻል አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ጢሱ ሲቀነስ አደጋው አብሮ እንደሚቀነስ የስድስቱ ከተሞች መዝገብ መስክሮልናል። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ የቤት ጌታ ዛሬውኑ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ወደ ማድ ቤቱ ገብቶ ምጣዱ ተጋግሮ እስኪወጣ ድረስ ከጋጋሪዪቱ ጋር ይቀመጥ። ምን መለወጥ እንዳለበት ከእኛ ይልቅ እዚያ የሚስበው አየር ያስረዳዋል።